በአካፋ የማይወጣ ሀብት
በእንግሊዝ የኮረብታ ምሽግ ላይ የተደረገ የእግር ጉዞ

"አባዬ፣ ወርቁ የት ነው የተቀበረው?"

የ11 ዓመቷ ልጄ ይህን የጠየቀችኝ የምሯን ነበር፡፡ ቅዳሜ ማለዳ ከእንቅልፏ ቀስቅሼ፣ ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ የወሰድኳት "ሀብት ፍለጋ እንሄዳለን" ብዬ ነው፡፡ ዶርቼስተር ጣቢያ የተቀበለን የድሮ ወዳጄ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፡፡ "ጋሼ፣ ካርታ ይዘዋል?" ብትለው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ "ካርታው እዚህ ውስጥ ነው፤ ሀብቱን የምታገኚው ግን አንቺ ነሽ" አላት፡፡

የሄድንበት ስፍራ ሜይደን ካስል ይባላል፡፡ "ካስል" የሚለውን ቃል ሰምቶ እንደ ጎንደር ግንብ ያለ ነገር የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል፡፡ ቤተ መንግሥት የለም፣ ግንብ የለም፡፡ ያለው በጥልቅ ቦይና በአፈር ካብ የተከበበ፣ ሣር የለበሰ፣ በግ የሚሰማራበት ኮረብታ ነው፡፡ ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ስለ ሀብት፣ ስለ ቁፋሮና ስለ ታሪክ ያሰብኩት በብዙ ሙዚየሞች ውስጥ ስዘዋወር ካሰብኩት ይበልጣል፡፡ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ለልጄ የነገርኳትም እዚያው ነው፡፡

ሳተላይት የሚመራው ድብብቆሽ

ወዳጄ ከተለከፈበት ዓመታት ያስቆጠረው ጨዋታ ጂኦካሺንግ ይባላል፡፡ አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የመዝገብ ወረቀት አድርጎ ከሰው ዓይን ይሰውረዋል፤ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ግን በኢንተርኔት ያሳውቃል፡፡ ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል፡፡ ያገኘው ሰው ስሙንና ቀኑን መዝገቡ ላይ ጽፎ ሳጥኑን ወደነበረበት ይመልሳል፡፡ በሳጥኑ ውስጥ ትናንሽ መጫወቻዎች ካሉ ደግሞ አንዱን ወስዶ በምትኩ ሌላ መተው የተለመደ ነው፡፡

ጨዋታው መቼ እንደተወለደ በቀን ተቆጥሮ ይታወቃል፡፡ ቀደም ባሉት ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚው የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊሳሳት ይችል ነበር፡፡ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ማዛባቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሲቆም ትክክለኛነቱ በአንድ ሌሊት ዐሥር እጥፍ ያህል ተሻሻለ፡፡ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ደብቆ መገኛውን ይፋ አደረገ፡፡ በባልዲው ውስጥ ከማስታወሻ ደብተርና ከእርሳስ ሌላ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴቶችና አንድ የላስቲክ ወንጭፍ ነበሩበት፡፡ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሳጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው፡፡

የጨዋታው አንድ ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል፡፡ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ ሳጥን ለመደበቅ ጉድጓድ መቆፈር አይቻልም፡፡ ጥንታዊ ስፍራ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል፡፡ በመሆኑም እኛ የምንፈልገው ሳጥን ምሽጉ ላይ አልነበረም፡፡ ከምሽጉ የምንሰበስበው ቁጥሮችን ብቻ ነው፡፡ የማብራሪያ ሰሌዳዎቹን እያነበብን ለጥያቄዎች የምንሰጣቸው መልሶች አንድ ላይ ሲደመሩ፣ ሳጥኑ ከምሽጉ ውጭ በእግረኛ መንገድ ዳር የት እንደተቀመጠ ይነግሩናል፡፡ ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ፡፡ "ወርቅ ፍለጋ መጥተን የቤት ሥራ!" አለች፡፡

በእጅ የተቆለለ አምባ

ሜይደን ካስል ከዶርቼስተር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 132 ሜትር ብቻ ስለሆነ የእኛን አገር አምባዎች ለሚያውቅ ሰው ኮረብታ ለማለትም ይከብደዋል፡፡ የሚያስደንቀው የሰው እጅ የሠራው ነው፡፡ መሬቱ እንደ ጠመኔ ነጭና ለስላሳ ድንጋይ ነው፡፡ የጥንት ሰዎች ይህን ድንጋይ በአጋዘን ቀንድ፣ በእንጨትና በብረት መሣሪያ እየፈለፈሉ፣ የቆፈሩትን ከቦዩ ዳር እየቆለሉ ኮረብታውን በተከታታይ ካቦች ከበቡት፡፡ ከተሠራ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዝናብና ነፋስ እየሸረሸረውም ካቡ ዛሬ በአንዳንድ ቦታ 6 ሜትር ይቆማል፡፡

ታሪኩ ከምሽጉም ይቀድማል፡፡ ከ5,500 ዓመታት በፊት ገደማ የአካባቢው የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች የኮረብታውን ምሥራቃዊ ክፍል በቦይ ከለሉት፡፡ ከዚያ በኋላ 546 ሜትር የሚረዝም ጠባብ የአፈር ጉብታ ሠሩበት፡፡ ምሽጉ የተጀመረው ግን በብረት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ነው፡፡ መጀመሪያ 6.4 ሄክታር የሚከልል አንድ ካብና አንድ ቦይ ብቻ ነበር፡፡ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ450 በኋላ ወደ 19 ሄክታር ሰፋ፤ በዙሪያውም ሌሎች ካቦች ተጨመሩ፡፡ በሮቹ በተለይ የተራቀቁ ናቸው፡፡ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያስገባ መንገድ የለም፡፡ የሚገባው ሰው በካቦች መካከል ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘ፣ ከላይ በሚያዩት ሰዎች ዓይን ሥር ማለፍ ነበረበት፡፡

"ምሽግ" የሚለው ስም ሙሉውን አይገልጸውም፡፡ ካቡ ውስጥ ክብ ቤቶች፣ መንገዶችና የእህል ጉድጓዶች ነበሩ፡፡ በሃምፕሻየር አውራጃ በሚገኘው ዳንበሪ በተባለው ሌላ ምሽግ ላይ ፕሮፌሰር ባሪ ከንሊፍ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1988 ባካሄዱት ቁፋሮም እንዲሁ እጅግ ብዙ የእህል ጉድጓድ ተገኝቷል፡፡ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ እንደሚያኖረው ሁሉ እነዚያም ሰዎች እህላቸውን ከአየር ሸሽገው በመሬት ውስጥ ያከማቹ ነበር፡፡ ስለዚህ ምሽጉ መሸሸጊያም፣ መንደርም፣ ጎተራም፣ የክብር ማሳያም ነበር ማለት ይቻላል፡፡

እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ጥቂት አይደሉም፡፡ የኦክስፎርድና የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የኮረብታ ምሽጎች አትላስ በብሪታኒያና በአየርላንድ 4,147 መዝግቧል፡፡

የባሕር ጠጠር በኮረብታ ላይ

ምሥራቃዊው በር አጠገብ ጥንቸል የጫረችው ነጭ አፈር ነበር፡፡ ልጄ እዚያ ቁጢጥ ብላ ቆየችና አንድ ነገር አንስታ መጣች፡፡ የዶሮ እንቁላል የማያክል፣ ድቡልቡልና ልሙጥ ጠጠር ነው፡፡

ወዳጄ እጇ ላይ እንዳለ አየውና "ይህ የዚህ ኮረብታ ድንጋይ አይደለም፤ የባሕር ዳር ጠጠር ይመስላል" አላት፡፡

ይህን ያለው በምክንያት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1937 በሜይደን ካስል ላይ ታላቅ ቁፋሮ የመሩት ሞርቲመር ዊለርና ባለቤታቸው ቴሳ ዊለር ነበሩ፡፡ ቴሳ ሥራው ሳያልቅ በ1936 አረፉ፡፡ በቁፋሮው በበሩ አካባቢ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑ ጠጠሮች ተከማችተው ተገኙ፡፡ ጠጠሮቹ የመጡት ቼዚል ከተባለው የባሕር ዳርቻ ነው፤ የወንጭፍ ጥይቶች ናቸው ተብሎም ይታመናል፡፡ ማማ ላይ ቆሞ ከማሽላው ወፍ ያባረረ ሰው የወንጭፍ ጠጠር ለምን ልሙጥና እኩል መሆን እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልገውም፡፡ ያ ሁሉ ጠጠር ከባሕር ተለቅሞ፣ ተሸክመውት ዳገት ወጥተው፣ በር ላይ የተቆለለው አንድ ቀን ጠላት ይመጣል ተብሎ ነው፡፡

ልጄ ጠጠሩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው፡፡ "እንግዲህ ሀብቴን አገኘሁ" አለች፡፡ ወዲያው ምንም አላልኳትም፡፡

ለ80 ዓመታት የታመነ ታሪክ

ከዚያው ከምሥራቃዊው በር ላይ ዊለር የመቃብር ስፍራ አገኙ፡፡ አንዳንዶቹ አፅሞች ራስ ቅላቸው በስለት የተመታ ነው፡፡ በአንደኛው አከርካሪ አጥንት ውስጥ የብረት ጫፍ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ዛሬ በዶርቼስተር ከተማ ሙዚየም ይታያል፡፡ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ሪፖርት ይህን "የጦርነት መቃብር" አሉት፡፡ ታሪኩንም እንደሚከተለው አያያዙት፡- በ43 ዓ.ም. ሮማውያን ብሪታኒያን ሲወሩ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓስያን ክፍለ ጦሩን ይዞ ምሽጉን አጠቃ፤ ተከላካዮቹም በአንድ ቀን ተጨፍጭፈው በችኮላ ተቀበሩ፡፡ ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፡፡ በመጻሕፍትም በትምህርት ቤትም ተሰራጨ፡፡

ጥርጣሬ የመጣው ቀስ በቀስ ነው፡፡ ሮማዊው ጸሐፊ ስዊቶኒየስ ቬስፓስያን ከ20 በላይ ምሽጎችን እንደያዘ ይናገራል እንጂ የአንዳቸውንም ስም አይጠቅስም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 በኒያል ሻርፕልስ መሪነት የተካሄደው ሁለተኛ ቁፋሮ ምሽጉ ሮማውያን ከመድረሳቸው በፊት በአብዛኛው እንደተለቀቀ አመለከተ፡፡ በመጨረሻም የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፅሞቹን ዕድሜ በሬዲዮካርቦን ዘዴ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱን አሳተሙ፡፡ ሰዎቹ የሞቱት በአንድ ቀን አልነበረም፡፡ ግድያው ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው የመጀመሪያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ እስከ ልደት በኋላ ያለው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ በበርካታ ትውልዶች ውስጥ የተፈጸመ ነው፡፡ ተመራማሪዎቹም ነገሩ ከሮማውያን ወረራ ይልቅ የአገሬው ሰዎች እርስ በርስ ካደረጉት ግጭት ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል፡፡

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ይህ ነው፡፡ ዊለር ተሳስተዋል፡፡ ነገር ግን የቆፈሩትን ለክተው፣ ሥለው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ አጥንቱንም አስቀምጠው ስላለፉ ስህተታቸውን ከ80 ዓመት በኋላ ማረም ተቻለ፡፡ መዝገብ ያለው ስህተት ይታረማል፡፡ መዝገብ የሌለው ቁፋሮ ግን ትክክል ይሁን ስህተት የሚያውቅለት የለም፡፡

ፋኖስ ይዤ የቆምኩባቸው ሌሊቶች

በ1880ዎቹ የዶርቼስተሩ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ኤድዋርድ ከኒንግተን በዚሁ ኮረብታ ላይ በሮማውያን ዘመን የተሠራውን ቤተ መቅደስ ቆፍሮ ነበር፡፡ የከተማው ነዋሪ የነበረው ደራሲ ቶማስ ሃርዲም በዚያው ዐሥር ዓመት ስለ ምሽጉ አጭር ልብ ወለድ ጻፈ፡፡ በታሪኩ ውስጥ አንድ የጥንት ዕቃ አዋቂ በሌሊት ያለ ፈቃድ ይቆፍርና የሜርኩሪን ትንሽ ምስል ያገኛል፡፡ "መለስኩት" ይላል፡፡ ሲሞት ግን ምስሉ ከንብረቱ መካከል ይገኛል፡፡

ወዳጄ ይህን ሲያጫውተን ልጄ ሳቀች፡፡ እኔ አልሳቅኩም፡፡ እሷን በማክልበት ዕድሜ፣ በ1970ዎቹ፣ ሰሜን ሸዋ ባደግኩበት አገር ከመንደራችን በላይ ያለ አንድ አምባ ነበር፡፡ ጫፉ ላይ ያረጀ የድንጋይ ካብ አለ፡፡ "በግራኝ ዘመን የተቀበረ ወርቅ አለበት" ይባል ነበር፡፡ የእናቴ ወንድም ለሦስት ሌሊት ቆፈረ፡፡ ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፡፡ በሦስተኛው ሌሊት አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ገንቦ ወጣ፡፡ አጎቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ በዶማ ሰበረው፡፡ ውስጡ አመድ፣ ከሰልና ያረረ እህል ብቻ ነበር፡፡ "አመድ ያርገው!" ብሎ ረገመና በአካፋ እየዛቀ ገደል ከተተው፡፡ ካቡንም ንደነው ወረድን፡፡

ያን ገንቦ ለዓመታት ያሰብኩት እንደ ከሸፈ ዕድል ነበር፡፡ ዛሬ ግን ያ ያረረ እህል ምን እንደነበር አውቃለሁ፡፡ በሬዲዮካርቦን ዕድሜው ሊለካ የሚችል፣ አምባውን ማን መቼ እንደኖረበትና ምን ይበላ እንደነበር ሊናገር የሚችል ብቸኛ ምስክር ነበር፡፡ ወርቁ እሱ ነበር፡፡ ፋኖስ ይዤ አሳይቼ ገደል እንዲገባ አደረግሁት፡፡

ይህን ለልጄ ነገርኳት፡፡ ዝም ብላ ሰማችኝ፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ መሠረት፣ በመንግሥት ጥበቃ መዝገብ ላይ በሰፈረ ስፍራ ያለ ፈቃድ መቆፈር ቀርቶ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም ራሱ ወንጀል ነው፡፡ ሜይደን ካስልም የተመዘገበ ስፍራ ነው፡፡ ከእነዚህ ስፍራዎች ውጭ፣ በባለ መሬቱ ፈቃድ ለሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ የ1996ቱ የውድ ሀብት ሕግ አለ፡፡ በሕጉ ትርጉም "ውድ ሀብት" የሚባል ነገር ያገኘ ሰው በ14 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፡፡ ዕቃውን ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ተገምቶ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ወሮታ ይከፈላል፡፡ በዚህ ሕግ ለማይሸፈኑ ግኝቶችም በፈቃደኝነት የሚመዘገቡበት ሥርዓት ተዘርግቶ እስካሁን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ከነመገኛ ቦታቸው ተመዝግበዋል፡፡

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድን ከልክሎ፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ደንግጓል፡፡

አንድ ሌላ አምባ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፡፡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ እንደወረደና በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ እንደተሸጠ ተጽፏል፡፡ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታኒያ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር፡፡ ይህን ያህል ጥብቅ የውድ ሀብት ሕግ ያላት አገር፣ ከሌላው ሰው አምባ የወሰደችው ዛሬም በቤተ መዘክሮቿ ውስጥ መሆኑ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚያንገበግብ ነው፡፡ የአጎቴን ዶማ ሳስታውስ ግን የራሳችንንም ድርሻ መርሳት እንደሌለብን ይሰማኛል፡፡

ለመሄድ ለምታስቡ

በእንግሊዝ የምትኖሩም ሆናችሁ ለሥራ ብቅ የምትሉ አንባቢያን አንድ ቅዳሜ ብትመድቡለት አትቆጩም፡፡ ሜይደን ካስልን ለመጎብኘት ክፍያ የለም፤ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፡፡ ዙሪያውን በካቡ ላይ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል መመደብ ይበቃል፡፡ ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ በበጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ፡፡ ዝናብ ከዘነበ ነጩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታልና ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል፡፡ በጎች ስላሉ የከፈታችሁትን በር ዝጉ፡፡ ካቡን ቀጥ ብሎ መውጣት ስለሚሸረሽረው በተረገጠው መንገድ ብቻ ሂዱ፡፡

ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዶርሴት ተጉዞ ጎረቤታሞቹን ሃምብልደን ሂልና ሆድ ሂልን በአንድ የእግር ጉዞ ማየት ይችላል፡፡ በሆድ ሂል ሮማውያን ከያዙት በኋላ በምሽጉ ማዕዘን ላይ የራሳቸውን የጦር ሰፈር ሠርተዋል፤ በማሽን የተወረወሩ የቀስት ጫፎችም ተገኝተውበታል፡፡ የሜይደን ካስሉን የጨፍጨፋ ታሪክ የሚመስል ማስረጃ የተገኘው እንግዲህ በዚህኛው ነው ማለት ነው፡፡

መዝገቡ

ቁጥሮቹን ደምረን ስንጨርስ የወዳጄ ስልክ ከምሽጉ በታች ወደሚወርደው የእግር መንገድ መራን፡፡ ከመውረዳችን በፊት ልጄ "ጠብቁኝ" ብላ ሮጠች፡፡ ጥንቸሏ ወደጫረችው ቦታ ተመልሳ፣ ጠጠሩን ከኪሷ አውጥታ ያነሳችበት ላይ አስቀመጠችው፡፡ ፎቶ አንስታውም መጣች፡፡ እኔ መልሺ አላልኳትም ነበር፡፡

ሳጥኑን ከአጥሩ ሥር ያገኘችውም እሷ ናት፡፡ የምግብ መያዣ የምታህል አረንጓዴ ፕላስቲክ ስትሆን ውስጧ እርሳስ፣ እርጥበት የነካው ደብተርና ሁለት የፕላስቲክ መኪናዎች ነበሩ፡፡ ልጄ ምንም አልወሰደችም፡፡ ከቦርሳዬ የ50 ሳንቲም ጎልጉላ አስቀመጠችና የሦስታችንን ስም በአማርኛ ፊደል ጻፈች፡፡

በባቡር ስንመለስ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር፡፡ ቀና ብላ "አባዬ፣ ገንቦው የነበረበትን ቦታ ታስታውሰዋለህ?" አለችኝ፡፡

"አስታውሰዋለሁ፡፡"

"ታዲያ ቁጥሩን ጻፈውና ለሚያጠኑ ሰዎች ስጣቸው፡፡"

ማታውኑ በሳተላይት ምስል ላይ አምባውን ፈለግሁት፡፡ የናድነው ካብ ከላይ ሲታይ ቀጭን መስመር ሆኖ አለ፡፡ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ የቆፈርንበትን ማዕዘንና ያየሁትን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌያለሁ፡፡ በሚቀጥለው ወደ አገር ቤት ስመጣ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች በእጄ አስረክባለሁ፡፡ ገደል የገባው አይመለስም፡፡ ከካቡ ሥር ያልነካነው ግን ሊኖር ይችላል፡፡